«ፈረቃ»፦ ማርስ ላይ ስለቀሩ ስድስት ሰዎች የምሠራው ጌም፣ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት

«ፈረቃ» ማርስ ላይ ስለቀሩ ስድስት ሰዎች የምሠራው የእንቆቅልሽ ጌም ነው። ይመጣል የተባለው የጭነት መንኮራኩር ቀርቷል። ከምድር ወደ ማርስ ለመሄድ የሚመቸው ጊዜ በየ26 ወሩ ገደማ አንዴ ነው የሚገኘው። ያ ካለፈ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ አየሩን፣ ውሃውን፣ መብራቱንና ምግቡን ያብቃቃል።

ስሙ ወዲያው ነው የመጣልኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው የጌሙን ሕግ ግማሹን ያውቀዋል። ውሃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ በርሚሉ ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይደረደራል። ልብስ የሚታጠበው ዛሬ ነው ወይስ በሚቀጥለው ፈረቃ? የዕቃ እጣቢው ለሽንት ቤት ይቀመጥ ወይስ ይደፋ? ይህን ስሌት በየቤቱ በቃሉ የሚሠራ ሰው አለ። ጌሙም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምን፣ መቼ፣ ለማን።

ሰፈር የሚያስተዳድሩበት ጌም ብዙ አለ። እኔ የምፈልገው ግን እንቆቅልሽ ነው። ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው። አስተዳደር ላይ ባተኮሩት ጌሞች ድንገት ቱቦ ይፈነዳል፣ ድንገት ሰው ይታመማል፣ ተጫዋቹም እንደምንም ይወጣዋል። እንቆቅልሽ ሲሆን ግን ተጫዋቹ ሠሪውን ማመን አለበት። መልስ እንዳለ ማመን አለበት። የተደበቀበት ነገር እንደሌለ ማመን አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ሆነ፦ «ፈረቃ» ውስጥ ዕድል የለም። ቱቦ የሚፈነዳ ከሆነ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ከመጀመሪያው ይጻፋል።

ለዚህ መነሻዬ ገበጣ ነው። ጠጠሮቹ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይታያሉ። ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዞራሉ እንጂ ከምንም አይፈጠሩም። የተበላውም ጠጠር ቢሆን የበላው ሰው ጋ ተቀምጧል፣ ይቆጠራል። የታሸገ ሰፈር ውስጥ ያለ አየርና ውሃም ጠባዩ ይኸው ነው። አንዱ ጋ ከጎደለ ሌላው ጋ አለ። ተጫዋቹ የት እንደሄደ መፈለግ ነው ያለበት።

ቦታውን ዩቶፒያ ፕላኒሺያ አድርጌዋለሁ። በማርስ ሰሜናዊ ክፍል ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። የናሳዋ ሰው አልባ መንኮራኩር ቫይኪንግ 2 እ.ኤ.አ. በ1976 ያረፈችው እዚያ ነው። ካሜራዋ ድንጋዮቹ መሃል ነጭ ውርጭ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ናሳ በራዳር በተደረገ ጥናት ከሜዳው ሥር በሰሜን አሜሪካ ያለውን የሱፐሪየር ሐይቅ ያህል ውሃ የያዘ በረዶ መኖሩን አስታውቋል። ውሃ አለ ማለት ነው። ግን ከአፈር ሥር ነው፣ ጠጣር ነው፣ ለማውጣትም ጉልበት ይበላል። ለእንቆቅልሽ ከዚህ የሚሻል ቦታ አላየሁም።

የምሠራበት ሶፍትዌር ጎዶት ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ሥዕሉን ለጊዜው ካሬ በካሬ አድርጌ ትቼዋለሁ። ሥዕል ላይ የምሄደው ሕጉ ከቆመ በኋላ ነው።

ኅዳር

የዚህ ወር ሥራ ሰዓት ነበር። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ትርፏን ደቂቃ ምን ላድርጋት? ቀኑን ለ24 እኩል ብከፍለው አንዱ ሰዓት ወደ 62 ደቂቃ ይጠጋል። ማርስ ላይ የሚያርፉ መሣሪያዎችን የሚመሩ ሰዎችም ሰዓታቸውን እንዲህ ይለጥጡታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለቱ ሮቨሮች (ተሽከርካሪ ሮቦቶች) ሲያርፉ ካሊፎርኒያ ያሉት ሠራተኞች ለወራት በማርስ ሰዓት ኖረዋል። እኔም ለጠጥኩት። አንድ ሰዓት አንድ ተራ ነው። ተጫዋቹ በየተራው ማሽን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ቱቦ ይከፍታል፣ ሰው ከክፍል ክፍል ያዛውራል።

አቆጣጠሩ ግን የእኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3። ይህን ያደረግሁት ለጌጥ አይደለም። ሰፈሩ የሚኖረው በፀሐይ ኃይል ነው። 3 ሰዓት ሲል ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሆኗታል ማለት ነው። 6 ሰዓት ላይ ጉልበቱ ጣሪያ ይነካል። ምሽት 12 ላይ ያበቃል። ተጫዋቹ ሰዓቱን ሲያይ ባትሪው ምን ያህል እንደሚሞላ አብሮ ያያል። ሌላ ማብራሪያ መጻፍ አላስፈለገኝም። በፀሐይ ለሚኖር ሰፈር ቀኑን ከንጋት መጀመር ትክክለኛው አቆጣጠር ነው ብዬ በሙሉ ልብ አምናለሁ።

ማርስ የምታገኘው ብርሃን ምድር ከምታገኘው 43 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ የሚሰጡት የኃይል አሃድ ሆን ተብሎ ጠባብ ነው። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ሁሉንም ማሽን አንድ ላይ ማብራት አይቻልም። ፈረቃው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ታኅሣሥ

ይህን ወር በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ። ጌሙ ጌም የሆነው በዚህ ወር ነውና።

መጀመሪያ የያዝኩት ኪሎ ነበር። ናሳ ሲያሰላ አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል ይላል። ስድስት ሰው ወደ 5 ኪሎ መሆኑ ነው። 9 ኪሎ ውሃ በኤሌክትሪክ ሲሰነጠቅ 8 ኪሎ ኦክስጅንና 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ይሰጣል። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። ግን ሰሌዳው ላይ ሲቀመጡ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ተጫዋቹ በጭንቅላቱ ሊያሰላቸው አይችልም። በጭንቅላት የማይሰላ ከሆነ ደግሞ መገመት ይጀመራል።

ወረቀቱን ይዤ ድሮ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህር ቤት ሄድኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል።

«መምህር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ለምን በኪሎ ትቆጥራለህ? ሞለኪዩሉን ቁጠር እንጂ። ያኔ ያስተማርኩህ ሚዛን ማስተካከል ለዚህ ጊዜ ነው» አሉኝ።

ሁሉም ነገር ተለወጠ። አሁን ሰሌዳው ላይ ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 2 ውሃ ሲሰነጠቅ 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ይወጣል። አንድ ሰው በቀን 1 ኦክስጅን ይስባል፣ 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ሦስተኛው የሳባቲዬ ማሽን ነው። 4 ሃይድሮጅንና 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገቡበት 2 ውሃና 1 ሚቴን ያወጣል። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ስሙን የሰጠው ሂደት ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይኸው ዓይነት ማሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ተተክሏል።

ሦስቱን ሕግ አያይዤ ስድስቱን ሰው አስገባሁ። ለ6 ኦክስጅን 12 ውሃ ይሰነጠቃል። 12 ሃይድሮጅን ይገኛል። ያ ከ3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ 6 ውሃ ይመለሳል፣ 3 ሚቴን ይወጣል። 12 ገብቶ 6 ተመለሰ። ግማሹ የት ሄደ? ሃይድሮጅኑ ሚቴን ውስጥ ነው ያለው። ሚቴኑ ወደ ውጭ ከተለቀቀ ያ ውሃ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ማርስ ላይ ካርቦን አያልቅም። አየሩ 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቀጭን ይሁን እንጂ በር ላይ አለ። ኦክስጅንም ውሃ ውስጥ አለ። በእውነት ብርቅ የሆነው ሃይድሮጅን ነው። ኦክስጅን አለቀ፣ ውሃ አለቀ የምንለው ሁሉ ሲመረመር የሃይድሮጅን ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳይ ጌሙ ስለ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ተመልሼ ለመምህሩ ነገርኳቸው። «በየቀኑ 6 ውሃ ይጎድላል» አልኳቸው።

«ሰዎቹ በባዶ ሆዳቸው ነው እንዴ የሚተነፍሱት?» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ሰው ምግብ ሲያቃጥል ውሃም ያወጣል። ምግቡን ሁሉ ስኳር ነው ብለን ብናስብ፣ 1 ስኳርና 6 ኦክስጅን 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 ውሃ ይሆናሉ። ውሃው በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት ይወጣል። ማሽን ያጠራዋል። የጎደለው 6 ነበር፣ የተመለሰውም ልክ 6። ያንን ማታ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። መጋዘን ውስጥ የተቆለለው ደረቅ ብስኩት ሌላ ሮቶ ነው። ሃይድሮጅን የታጨቀበት ሮቶ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። መጋዘኑ እስኪያልቅ የውሃው ቆጣሪ ከቦታው አይነቃነቅም። ተጫዋቹ ውሃ ችግር አይደለም ብሎ ያስባል። የመጨረሻው ካርቶን ሲያልቅ ግን ቆጣሪው መውረድ ይጀምራል። ምንም ማስታወቂያ አይወጣም። ቁጥሮቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ሰሌዳው ላይ ነበሩ። ይህን ራሱ ደርሶበት «አሃ!» የሚል ተጫዋች ነው የምፈልገው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የአትክልት ቤቱ ነው። ተክል በተቃራኒው ይሠራል። 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 ውሃ ወስዶ 1 ምግብና 6 ኦክስጅን ይሰጣል። ስለዚህ ምግብ ያበቀለ ሰው ኦክስጅንም አብሮ አገኘ። የውሃ መሰንጠቂያውንና የአትክልት ቤቱን እኩል የሚያሠራ ሰው ኦክስጅን ይተርፈዋል፣ ውሃ ያልቅበታል። መሰንጠቂያውን ቀስ በቀስ ማጥፋት መልመድ አለበት። ሰው ያዳነውን ማሽን ለማጥፋት እጁ ይፈራል። የምዕራፉ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥር

ሙቀት ገባ። የዩቶፒያ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ80 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማሞቂያ ደግሞ ባትሪ ይበላል።

እዚህ ላይ ሳባቲዬ ሌላ ስጦታ አለው። ሂደቱ ሲካሄድ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ የሚሠራውም በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ነው። ማሽኑ ከመኝታ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ከተጋራ ሌሊቱን ያሞቀዋል። ነገር ግን ሃይድሮጅን የሚገኘው ቀን ነው፣ ፀሐይ ስላለ። ሙቀት የሚፈለገው ማታ ነው። ስለዚህ ቀን የተሰነጠቀው ሃይድሮጅን ታንክ ውስጥ አድሮ ሌሊት ወደ ሳባቲዬ ይገባል። ታንኩ ግን ትንሽ ነው። ደግሞ ቀን ላይ ውሃው ቶሎ እንዲመለስ ከተፈለገ ማሽኑ ቀንም መሥራት አለበት። በአንዲት ማሽን ላይ ሁለት ፍላጎት ተገናኘ፤ ውሃ በቀን፣ ሙቀት በሌሊት። ከሠራኋቸው ሌቭሎች የምወዳቸው እነዚህ ናቸው።

ሰው ሲያርፍ ራሱ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ይህንንም ሕጉ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቢተኛ አንድ የሙቀት አሃድ።

የካቲት

ኮድ፣ ኮድ፣ ኮድ።

መልስ ፈላጊውን ጻፍኩ። እያንዳንዱን ሌቭል ወስዶ የሚቻለውን እርምጃ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ይሞክራል፤ መፍትሔ ካለ አጭሩን ያወጣል። ተጫዋቹን እመነኝ የምል ከሆነ መልስ እንዳለ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ችግሩ የሁኔታዎቹ ብዛት ነው። ማሽን አብርቶ ቱቦ መክፈትና ቱቦ ከፍቶ ማሽን ማብራት አንድ ዓይነት ውጤት አላቸው፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ታንኮቹ፣ ክፍሎቹና ሰዓቱ አንድ ከሆኑ በየትኛውም መንገድ ይደረስ አንድ ሁኔታ ነው ብሎ እንዲያልፍ አደረግሁት።

ትልቁን እፎይታ የሰጠኝ ግን ሃይድሮጅን ነው። ውሃው፣ ጋዙ፣ ሚቴኑና ምግቡ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሲደመር ለቀሪዎቹ ቀናት ከሚያስፈልገው ካነሰ፣ ያ መንገድ ሞቷል። ከዚያ ወዲያ መፈለግ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ እነዚህን መንገዶች ገና በጊዜ ይቆርጣቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ የነበረው ፍለጋ አሁን ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

ይህ ከአንድ የቆየ ችግር ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ የወጣውን የሣጥን መግፋት ጌም፣ ሶኮባንን፣ የተጫወተ ያውቀዋል። ሣጥኑ ጥግ ላይ ከተጣበቀ ጨዋታው አልቋል፤ ግን ማንም አይነግርህም፣ አንተም ለረጅም ጊዜ በከንቱ ትገፋለህ። እኔ የሃይድሮጅኑን ድምር ከላይ በትልቁ ጻፍኩት። ሞተሃል የሚል ጽሑፍ አይወጣም። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ አለ፣ ለሚያነበው ሰው ሁሉን ይናገራል።

ወደ ኋላ መመለሻው ገደብ የለውም። በየተራው የሰሌዳውን ሁኔታ በሙሉ አስቀምጣለሁ፤ ትንሽ ስለሆነ ስልክ ላይም አይከብድም። ተጫዋቹ እስከ ንጋት ድረስ መመለስ ይችላል። መመለስን በነጥብ የሚቀጡ ጌሞች አሉ። አልስማማም። እንቆቅልሽ የሚፈታው በመሞከር ነው፤ መሞከርን የሚቀጣ ጌም ማሰብን ይቀጣል።

ሰውም አይሞትም። የአንድ ክፍል አየር ከገደብ ካለፈ ሰዓቱ ይቆማል፣ ክፍሉም ቀይ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ ማስተካከል ነው። ሲታፈኑ የሚያሳይ ሥዕል መሥራት ልቤ አልፈቀደም፣ ለእንቆቅልሹም የሚጨምረው የለም።

በዚሁ ወር ፊደሉን አስተካከልኩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው የተጠቀምኩት፤ ጎዶት 4 ላይ ያለ ችግር ይታያል። የእኛ ፊደል ግን ሲያንስ ይጨናነቃል። ጨ፣ ጩ፣ ጭ ትንሽ ስልክ ላይ አይለዩም። ስለዚህ የካሬዎቹን ጽሑፍ በሁለት ደረጃ አሳደግኩ፣ ረጅም ስሞችን አሳጠርኩ። «የውሃ መሰንጠቂያ» ሰሌዳው ላይ «መሰንጠቂያ» ብቻ ሆነ። ሰዎቹን በሥራቸው ነው የምጠራቸው፤ ሐኪሟ፣ መሐንዲሱ፣ አትክልተኛዋ፣ ቆፋሪው፣ አብሳዩ፣ ሬዲዮኛዋ። ሐኪሟ ደከማት፣ መሐንዲሱ ደከመው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ስም ብቻ መቀያየር ለአማርኛ አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተጽፏል። ሰንጠረዡ ረዘመ፤ ግን ሲነበብ ሰው የጻፈው ይመስላል።

መጋቢት

ሰው እጅ ገባ። የመጀመሪያዋ ተጫዋች የእህቴ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስልኬን ሰጠኋትና ምንም ሳልናገር አጠገቧ ተቀመጥኩ። መናገር እየፈለጉ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ግን ጌሙ የት ጋ እንደማይናገር የሚታወቀው ያኔ ነው።

አምስተኛው ሌቭል ላይ ቀና አለች። «አጎቴ፣ ኦክስጅን እኮ አለ። ክፍሉ ለምን ቀይ ሆነ?»

ጥያቄዋ ወደ ጨረቃ ይጓዝ የነበረው የአፖሎ 13 ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1970 የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳ ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሰው ወደተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ተሸጋገሩ። እዚያ ኦክስጅን ነበራቸው። አደጋው የራሳቸው ትንፋሽ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዙት የማረፊያዋ ማጣሪያዎች ክብ ናቸው፣ የተረፉት የዋናው መንኮራኩር ማጣሪያዎች ደግሞ አራት ማዕዘን። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በቱቦና በፕላስተር የሚገጣጠሙበትን መንገድ ፈልገው በሬዲዮ አነበቡላቸው። ተረፉ።

ታሪኩን ስነግራት ዓይኗ በራ። «ታዲያ እዚህ ላይ ለምን አይታይም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቆጣሪ አለው። ሰማያዊው ያለውን ኦክስጅን፣ ቡናማው የተጠራቀመውን ትንፋሽ ያሳያል። አንድ ሌቭልም በዚሁ ተወለደ፤ ክብ ማጣሪያ አልቆ አራት ማዕዘን ብቻ የቀረበት።

እሷው ደግሞ መልስ ፈላጊው የሚያውቀውን፣ እኔ ግን ያላሰብኩትን መፍትሔ አገኘች። ቀዝቃዛው ሌሊት ላይ ስድስቱንም ሰው አንድ ክፍል አስገብታ የቀሩትን ክፍሎች ማሞቂያ አጠፋች። ስድስት ሰው፣ ስድስት የሙቀት አሃድ። ባትሪው እስከ ንጋት አደረ። ትንፋሹ ግን በስድስት እጥፍ ይከማቻል፣ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ በሩን ከፍታ አየሩን ከጎረቤት ክፍል ጋር ታቀላቅላለች። እንዲያውም አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱን አስወጥታ መልሳ አስገባቻቸው። ልክ ነው፣ ከሕጉ አልወጣም። ያንን ሌቭል አልዘጋሁትም። እንዲያውም ቀጣዩን ሌቭል ይህን ዘዴ የሚጠይቅ አደረግሁት።

ቀጥሎ የተጫወተው ግንባታ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። እሱን ያስደሰተው የኮንክሪቱ ሌቭል ነው። ሐሳቡ የመጣው ከባዮስፌር 2 ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1991 አሪዞና በረሃ ውስጥ ስምንት ሰዎች በመስታወት በታሸገ ትልቅ ግቢ ውስጥ ለሁለት ዓመት ገቡ። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ተነስቶ ከ15 በመቶ በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. ጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን መጨመር ግድ ሆነ። አፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ ያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አየሩ ላይ በሚጠበቀው ልክ አልታየም። ተፈልጎ የተገኘው ግድግዳው ውስጥ ነው። ያልተቀባው ኮንክሪት እየጠጣ ወደ ኖራ ድንጋይ ለውጦታል። ጓደኛዬ «ካርቦኔሽን እኮ ነው፣ እኛ ጋ ብረቱን የሚያዘገው እሱ ነው» አለኝ።

ሌቭሉ ላይ አዲስ የተገነባው ክፍል ግድግዳ ቁጥር ተጽፎበታል። ያን ያህል ትንፋሽ ይጠጣል፣ ከዚያ ያቆማል። መጀመሪያ ስጦታ ይመስላል፤ ማጣሪያ ይቆጥባል። ግን ግድግዳው የወሰደው ኦክስጅን ተመልሶ አይመጣም። ለአትክልት ቤቱ የሚሆን ካርቦን ከውጭ መሳብ ይቻላል፤ ኦክስጅኑን ለመተካት ግን ውሃ መሰንጠቅ ነው። ቀለም ቀብቶ ማስቆምም ይቻላል። መቼ እንደሚቀባ መወሰን ነው ጨዋታው።

ሚያዝያ

አቧራውን ጨረስኩ። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ሮቨር ለ90 የማርስ ቀን ታስባ እ.ኤ.አ. ጥር 2004 አረፈች፣ ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2018 ፕላኔቷን የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ጋረደባት፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿ አልተሰማም። በፕሉቶኒየም ሙቀት የምትሠራው ሌላዋ ሮቨር፣ ኪዩሪዮሲቲ፣ ግን በዚያው ማዕበል ውስጥ ሥራዋን ቀጠለች። ጌሙ ውስጥ ማዕበሉ የሚመጣበት ቀን ሌቭሉ ሲከፈት ይታያል። አምስት ቀን ቀድሞ። ተጫዋቹ ባትሪ ይሞላል፣ ሃይድሮጅን ያጠራቅማል፣ የትኛው ተክል እንደሚተርፍ ይመርጣል። ማዕበሉ ድንገት ቢመጣ ተጫዋቹን ያናድደው ነበር፤ አውቆ ሲጠብቀው ግን ያስጨንቀዋል። የምፈልገው ጭንቀቱን ነው።

የፍንጭ አሰጣጡም በዚህ ወር ተቋጨ። ፍንጭ የሚመጣው ከምድር ነው። ሬዲዮኛዋ ትጠይቃለች። ምልክቱ ወደ ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ መልሱም ያንኑ ያህል። ቢዘገይ 44 ደቂቃ ነው፤ የኛ ተራ ደግሞ 62 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ በቀጣዩ ሰዓት ይደርሳል። እስከዚያ አንድ ተራ በራስ መወሰን ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ወደ ኋላ ቢመለስም የደረሰው ፍንጭ አይወሰድበትም። ፍንጭ የማይኖርበት ሌቭልም አለ። ማርስ ከፀሐይ ጀርባ ስትሆን ለሁለት ሳምንት ገደማ ናሳ ትእዛዝ መላክ ያቆማል። ያ ሌቭል ላይ የሬዲዮኛዋ ክፍል ይጨልማል፣ እሷም ከአትክልተኛዋ ጋር ትሠራለች።

ሦስተኛው ምዕራፍ ክረምት ነው። የማርስ ዘንበልታ 25 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ወቅት አላት፣ ዓመቷም 687 የምድር ቀን ነው። ቀኑ ያጥራል። ፀሐይ 12 ላይ አትወጣም፣ 1 ሰዓት አልፎ ነው የምትወጣው። በዚህ ምዕራፍ አዲስ ማሽን አስገብቻለሁ፤ ከማርስ አየር በቀጥታ ኦክስጅን የሚያወጣ፣ ውሃ የማይነካ። እውነተኛው ሞክሲ ይባላል። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ሮቨር ላይ ተገጥሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በጠቅላላው 122 ግራም ኦክስጅን አምርቷል። በጥሩ ጊዜው በሰዓት 12 ግራም ደርሷል። ለአንድ ሰው በሰዓት 35 ግራም ያስፈልጋል። የኔው ከእሱ የሚበልጥ ነው፣ ግን እስከ 800 ዲግሪ መሞቅ ስላለበት ኤሌክትሪኩን ጠራርጎ ይበላል። ክረምት ላይ ኤሌክትሪክ የለም። ውሃ ለመቆጠብ ብርሃን መክፈል ነው።

መልስ ፈላጊው ከክረምቱ ሌቭሎች አንዱን መፍትሔ የለውም ብሎ መልሶታል። የሚጎድለው አንድ የሙቀት አሃድ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ አትክልት ቤቱ ውስጥ። ባትሪ ብጨምር ያልፋል፤ ግን ያኔ ሌሎች ሦስት መንገዶች ይከፈታሉ፣ ሌቭሉም ይላላል። የሳባቲዬውን ማሽን በአንድ ካሬ ወደ አትክልት ቤቱ ባስጠጋው ደግሞ መኝታ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ተጫዋቹም ሰዎቹን ተክሎቹ መሃል ማስተኛት አለበት። ተክልም በጨለማ ኦክስጅን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ይህ ቡናማውን ቆጣሪ ይነካዋል። ሁለተኛው ይሻላል። ካሬውን አንቀሳቅሼ ፍለጋውን እንደገና አስጀምሬዋለሁ። መፍትሔ ካወጣ የክረምቱን ምዕራፍ ለእህቴ ልጅና ለጓደኛዬ ስልክ እልካለሁ፣ ለመምህሩም ላፕቶፑን ይዤ እሄዳለሁ። ተክሎቹ በሌሊት የሚስቡትን ቁጥር እሳቸው ሳያዩት ማጽደቅ አልፈልግም።